እማዬ ሦስት ጊዜ

ወንድሜን ቤተሰቡ በሙሉ ቀለሜ ብሎ ነው የሚጠራው። ትምህርት ቤት ሳለ ቀለሜ የሚያሰኝ ነገር እንዳልነበረው በሕይወት ያሉ አስተማሪዎቹ ይመሰክራሉ። ስሙ የወጣለት በጎልማሳነቱ፣ ካሜራ ገዝቶ ቅጠል ማሳደድ የጀመረ ጊዜ ነው። ሙያው አሳንሰር መጠገን ነው። ዓመቱን ሙሉ በሕንጻ ሆድ ውስጥ፣ በጨለማ ጉድጓድ፣ ከቅባትና ከሽቦ ገመድ ጋር ሲታገል ይከርማል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ፈቃድ ይወስድና ካሜራውን አንግቶ፣ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዛፍ ወዳለበት ሁሉ ይዘምታል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም ባልከፋው ነበር።

ችግሩ ኤችዲአር የሚሉት ነገር ነው። እሱ እንዳስረዳኝ የሰው ዓይን ፀሐዩንም ጥላውንም አንድ ላይ ማየት ይችላል፤ ካሜራ ግን አንዱን ሲያይ ሌላው ይጠፋበታል። ስለዚህ አንዱን ዛፍ ሦስት ጊዜ ታነሺዋለሽ፤ አንዴ ጨለም አድርገሽ፣ አንዴ መካከለኛ፣ አንዴ ፈካ አድርገሽ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሦስቱን ደራርቦ፣ ከየአንዳንዱ ደህና ደህናውን መርጦ አንድ ፎቶ ያወጣል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ቀለሜ ግን እዚያ ላይ መቼ ሊያቆም። ኮምፒውተሩ ላይ ቀለም የሚያደምቀውን ምልክት ይይዝና ጥግ ደርሶ እምቢ እስኪለው ድረስ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። የእሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ይነዳል። ሰማዩ በቡጢ እንደተመታ ዓይን ይጠቁራል። በዛፉ ዙሪያ ደግሞ ነጭ ብርሃን ይዞርና ዛፉ ጻድቅ ይመስላል። አንዴ ቅጠል የረገፈበት ኩሬ አንስቶ ሲያሳየኝ የምን ሾርባ ነው ብዬው ሳምንት አኩርፎኛል።

እኔ ደግሞ የምሠራው መድን ድርጅት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የተጋጩ መኪኖችን ፎቶ ሳገላብጥ እውላለሁ። የድሮ ጭረት አዲስ ነው ብሎ የሚምል፣ የጎረቤቱን መኪና የተጨረመተ በር አንስቶ የእኔ ነው የሚል፣ ስንቱን አይቻለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ቢሮአችን ግድግዳ ላይ አልተጻፈም እንጂ ደመወዝ የሚከፈለን በእሱ ነው። ለእኔ ፎቶ ማለት ያለው ነገር እንዳለ የሚታይበት ነው፤ ከዚያ ያለፈው ማጭበርበር ነው። እኔና ቀለሜ ከአንድ ማሕፀን መውጣታችንን የሚያረጋግጥልን አፍንጫችን ብቻ ነው።

ያን ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የእማዬን ቤት ልንሸጥ ተነሳን። ልንሸጥ ስል፣ የተነሳሁት እኔ ነኝ።

አባባ ከሞተ ወዲህ እማዬ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቤቱ ከመንገዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ከግቢው በር በድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ደረጃው ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። አንድ ቀን አዳልጧት ወደቀችና ጉልበቷ አብጦ ከረመ። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ከቢሮዬ ጀርባ ባለ ሕንጻ ላይ አሳንሰር ያለው አፓርታማ አገኘሁላት። ባለቤቱ ቤታችንን እስክንሸጥ ሊጠብቀን ተስማማ፤ ግን ብርዱ ሳይገባ እንድንጨርስ አስጠነቀቀኝ። በምሳ ሰዓቴ ብቅ እያልኩ አይሻለሁ፣ ደረጃ የለ፣ መንሸራተት የለ ብዬ ለእማዬ አስረዳኋት። ስኒ እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም።

"እናንተ እንዳላችሁ" አለች።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እናቴ እምቢ ብላ አታውቅም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሰው ቢሆን ኖሮ የእሷን ቤት ተከራይቶ፣ ኪራይ ሳይከፍል፣ እሷኑ ይቅርታ ያስጠይቃት ነበር። ጎረቤታችን ከድሮ ጀምሮ የተዋሰው መሰላላችን ዛሬ እሱ ቤት ነው ያለው፤ እማዬ አምፖል መቀየር ስትፈልግ ሄዳ "መሰላልህን ታውሰኛለህ?" ትለዋለች። አንዴ ጸጉር ሠሪዋ ተሳስታ ጸጉሯን ቀይ ብታደርግባት፣ ልጅቷን ቅር እንዳይላት ብላ እስኪለቅ ድረስ ቀይ ሆና ኖራለች። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ "እናንተ እንዳላችሁ" የሚለውን እሺ ነው ብዬ ወሰድኩት። የሰው ጭረት የድሮ ይሁን የአዲስ በዓይኔ የምለየው እኔ ማለት ነው።

ለቀለሜ ስነግረው "አሳንሰር አለው?" ብሎ ጠየቀና አዎ ብዬ የቱ ሕንጻ እንደሆነ ስነግረው ወሬ ቀየረ። ከዚያ የቤቱን ፎቶ እኔ ነኝ የማነሳው አለ። ግቢው ውስጥ አባባ የተከለው ትልቅ ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ በዚያን ወቅት ቢጫ ስለሚሆን ይህን ዕድል ለሌላ ሰው አሳልፎ ሊሰጥ እንደማይችል ታወቀ። በነጻ ስለሆነ እሺ አልኩ።

የቀለሜ ካሜራ ሦስቱን ፎቶ በራሱ በተከታታይ ማንሳት ነበረበት፤ ግን አንዴ ሾርባ ውስጥ ማለቴ ኩሬ ውስጥ ከወደቀ ወዲህ ያንን ትቷል። ስለዚህ ወንድሜ አንዱን ያነሳል፣ መነጽሩን ይፈልጋል፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ መሆኑን ያገኛል፣ ቁልፉን ያሽከረክራል፣ ካሜራውን ይረግማል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ያነሳል። በዚህ ሁሉ መሃል ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቤቱ ቆሟል። ዛፉ ቆሟል። እማዬ ግን ግቢዬን ሰው ሊያየው ነው ብላ መጥረጊያ ይዛ ወጥታ ነበር። እሱ ዛፉን እንጂ እሷን አላያትም፤ እኔም ስልክ ላይ ነበርኩ።

ፎቶው ሲደርስልኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ዛፉ ይነዳል። የጣራው ጠርዝ ብርሃን ለብሷል። ግድግዳችን፣ አባባ ዕድሜውን ሙሉ ክሬም ነው ያለው ግድግዳ፣ ብርቱካንማ ሆኗል። ከዛፉ ሥር ደግሞ ሦስት እናቶች አሉኝ። አንዷ ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች፣ ሁለተኛዋ ግንዱ ላይ እንደ ጭስ ሳስታ ትታያለች፣ ሦስተኛዋ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ግቢው በር ትሄዳለች። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብዬ ስጠይቀው፣ ስትንቀሳቀስ እንዲህ ይሆናል፣ ኤችዲአር ዝም ብሎ ለሚቆም ነገር ነው አለኝ። ጥፋቱ የእማዬ ሆነ።

ቤቱን እንዲያሻሽጥልን የያዝነው ደላላ ግን ፎቶውን ወደደው። ቀልብ ይስባል አለና በዚያው ቀን ኢንተርኔት ላይ ለዓለም ለቀቀው።

ቀልብስ ሳበ። የመጀመሪያው ደዋይ ቤቱ ሲቃጠል ነው ወይ ያነሳችሁት ብሎ ጠየቀኝ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሦስቱ እናቶች ከቤቱ ጋር ነው የሚሸጡት ወይስ ይለቃሉ አለችኝ። ለማየት የመጡትም ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። የግቢው በር ላይ ይቆማሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ፣ ዛፉን ያያሉ፣ ተመልሰው ስልካቸውን ያያሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ሊለቅሙ የመጡ ሰዎች ፊት አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እሱ ነው። እማዬ ውሃ ታቀርብላቸዋለች፣ ብስኩት ታቀርብላቸዋለች፣ ስለ ዛፉም ይቅርታ ትጠይቃለች።

"ዛሬ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል" ትላቸዋለች።

ሰዎቹ ፊታቸውን አጥቁረው ሲወጡ እኔ በንዴት እቃጠላለሁ። እማዬ ግን የተረፈውን ብስኩት ወደ ቆርቆሮው እየመለሰች ታንጎራጉራለች። እንዴት ያለች ሆደ ሰፊ ሴት ናት እያልኩ እደነቅ ነበር። ቀለሜ በበኩሉ ቀለሙ ስላነሰ ነው ብሎ ሁለተኛ ፎቶ ሠራ። ሁለተኛውን አይታ የመጣች አንዲት ገዥ ደረጃውን እንኳ አልወጣችም። የዚያን ቀን እማዬ ከማንጎራጎር አልፋ ጨርሳ ዘፈነች።

የአፓርታማው ባለቤት ሲጨቀጭቀኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ቀለሜ ቤት ሄጄ፣ ሳይቀባ በፊት ያነሳቸውን ሦስቱን ፎቶዎች አምጣ አልኩት። ተከፋ፤ ያልበሰለ ወጥ አቅርብ ያልኩት ነው የመሰለው። ግን ከፈተልኝ። በጨለመው ላይ እማዬ እየጠረገች ነው። በፈካው ላይ ወደ በሩ እየሄደች ነው። በመካከለኛው ላይ መጥረጊያው መሬት ላይ ተኝቷል፤ እማዬ ግንባሯን የአባባ ዛፍ ላይ አስደግፋ፣ ሁለት እጇን በግንዱ ዙሪያ አድርጋ ቆማለች። ቀለሙ ሁሉ ሲነድ ይህች እናት ተውጣ ነበር፤ ለብቻዋ ስትሆን ግን ፍንትው ብላ ትታያለች።

ቀለሜ እኔን ነበር የሚያየው።

"ደክሟት ነው" አልኩ።

"ደክሟት ይሆናል" አለ።

በብርሃን ከሁሉም የተሻለው እሱ ስለነበር መካከለኛውን ወሰድኩ። እማዬ ያለችበትን ጎን ቆርጬ ጣልኩትና ቤቱን ከነግማሽ ዛፉ አስቀረሁ። ለደላላው ልኬ፣ ያንን እሳት አውርድና ይህን ስቀል አልኩት። ፎቶው እውነተኛ ነበር፤ ግድግዳው ክሬም፣ ቅጠሉ ቢጫ፣ ሰማዩ ሰማይ። በራሴ ኮራሁ።

አንድ የጥርስ ሐኪም የመጣው በዚያ ፎቶ ነው። በሩ ላይ ቆመ፣ ስልኩን አየ፣ ቤቱን አየ፣ ፈገግ አለ። ልክ እንደ ፎቶው ነው አለ። ቢፈልጉ የማይገኝ ጨዋ ሰው ነበር። እማዬን እናቴ እያለ፣ የደረጃውን ድንጋይ ቆንጆነት እያደነቀ፣ ዛፉን ማንም እንዳይነካው እያለ ዞረ። እማዬም የቱ መስኮት እንደሚጣበቅ፣ የትኛው አሸንዳ በቅጠል እንደሚደፈን አንድ በአንድ አሳየችው። እሱ ውሃውን ጨርሶ ጠጣ፣ ብስኩቱንም ጨርሶ በላ። ባለቤቱ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ስለሄደች የግቢውን ፎቶ ጨመር አድርጌ እንድልክለት ለመነኝ። እሷ ደስ ካላት ሰኞ እንፈራረማለን አለ።

"በሉ ቤቱን የእርስዎ ልጅ እንደገዛው ይቁጠሩት፣ እናቴ" አላት ሲሰናበት።

"ይሁንልህ ልጄ" አለችው።

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ብርጭቆውን እያጠብኩ የድሉን መጠን ሳሰላ ቆየሁ። የሚያንጎራጉር ሰው የለም። ባዶው የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው። በመስኮቱ ሳይ እማዬ መጥረጊያዋን ይዛ ወጥታለች። ሁለት ጊዜ ጠረገችና መጥረጊያውን መሬት ላይ አስተኛችው። ከዚያ ዛፉን አቅፋ ግንባሯን ግንዱ ላይ አስደገፈች።

ያን ፎቶ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አይቼም ቆርጬ ጥዬዋለሁ። አፈርኩ። እናቴን ከገዛ ግቢዋ በመቀስ እንዳወጣኋት ያን ጊዜ ገባኝ። እጄን ሳላደርቅ ወጣሁ።

"እማ፣ ይህን ቤት መሸጥ ትፈልጊያለሽ?"

ቶሎ ብላ መጥረጊያውን አነሳች። "ምን ማለትሽ ነው? ለሰውየው እኮ ይሁንልህ ብዬዋለሁ። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ። አሁን እምቢ ቢባል ምን ይለናል?"

"እሱን ተዪው። አንቺስ?"

ቅጠሉን ወዲያና ወዲህ አደረገችው። "እናንተ እንዳላችሁ" አለች።

ማልቀስ አማረኝ፤ ግን እኔ ካለቀስኩ እሷ ይቅርታ ስለምትጠይቀኝ መጥረጊያውን ቀምቼ መጥረግ ጀመርኩ። እየጠረግኩ አሰብኩ። አንሸጥም ብዬ ብወስንላት ለእኔ ብለሽ ነው ብላ ራሷ ዕቃ ማሰር ትጀምራለች። ለሐኪሙ እምቢ ብንለው ደግሞ ቃሏን አጠፍኩ ብላ እስክትሞት ጥርሷን አትታከምም። እንግዲህ እምቢ ባይ ከወዲያ በኩል መምጣት አለበት። ከወዲያ በኩል ያለችው ደግሞ ሥልጠና ላይ ያለችው ሚስት ናት፤ እሷ ቤታችንን የምታየው በፎቶ ብቻ ነው።

ቀለሜ በሩን ሲከፍትልኝ ገና እንዳኮረፈ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ዛፉ ስነግረው አልተገረመም፤ ያኔውኑ አይቶት እንደነበር ገባኝ። ከዚያ፣ የግቢውን ፎቶ አስቀያሚ አድርገህ ሥራልኝ አልኩት።

"እኔ አስቀያሚ ሠርቼ አላውቅም" አለ። ከልቡ ነበር።

"እንግዲያው በሕይወትህ ከሠራኸው ሁሉ የበለጠ ቆንጆ አድርገው።"

ፊቱ ሁሉ በራ። ሁለት ወንበር አስጠጋና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ሦስቱን ደረባቸው፤ እማዬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሆና ወጣች። ቀለሙን መጎተት ጀመረ። ቅጠሉ ጋመ። ጨምር አልኩት። ሰማዩ ጠቆረ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ሆነ። ጨምር አልኩት። የደረጃው ድንጋይ አረንጓዴ መሆን ሲጀምር ወንድሜ እጁን አነሳና በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀውን ቃል ተናገረ። ኧረ በዛ አለ። ማውሱን ቀማሁትና ጥግ ደርሶ እምቢ እስኪለኝ ድረስ ጎተትኩት። አንድ ነገር ልመን፤ ደስ ይላል። በመድን ሥራ ስንት ዘመን አጭበርባሪ ሳሳድድ ኖሬ፣ የዚያን ቀን የተጭበረበረ ፎቶ በገዛ ጣቴ ላክሁ።

ሰኞ ሐኪሙ ለእማዬ ደወለ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማኝ ነበር፤ ጥርስ የሚነቀልለት እሱ ራሱ ነበር የሚመስለው። ባለቤቴ ቀለም ላይ ትንሽ ስስ ናት አለ። እኔ እንዲህ አይደለም ብያት ነበር አለ። እሷ ግን ዓይኔን አመመኝ፣ እዚያ ቤት የሚኖሩት ሦስት ሴቶችም አስፈሩኝ ብላ እምቢ አለች አለ። እማዬ አጽናናችው። አይዞህ ልጄ፣ ቤት አይጠፋም አለችው፣ ቅር እንዳይልህ አለችው፣ የባለቤትህን ዓይን በጊዜ አሳያት አለችው። እሱ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ እሷ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ ስልኩ እስኪግል ድረስ ቆዩ። ስትዘጋው ወደ እኔ ዞራ፣ ምን ይደረግ፣ ሳይሆን ቀረ አለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገባች። ማንጎራጎሩ ስኒው ከመንኳኳቱ በፊት ጀመረ።

ለአፓርታማው ባለቤት ትተነዋል ብዬ ደወልኩ። ያን ጊዜ ነው ቀለሜ፣ የዚያን ሕንጻ አሳንሰር በየጊዜው የሚጠግነው እሱ እንደሆነ፣ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት እንደሚበዛ የነገረኝ። ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። በጣም ደስ ብሎሽ ስለነበር ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው አለኝ። የእናቱ ልጅ። ለደረጃው ግን በራሱ እጅ የብረት መደገፊያ ሠራለት፤ ጠንካራ ነው፣ ዝናብም አያንሸራትተውም። የቀባው ቀለም ከመንገዱ ማዶ ይታያል። እማዬ ደግሞ ልቡ እንዳይሰበር ብላ በጣም ያምራል አለችው፤ ስለዚህ የመስኮቶቹንም ክፈፍ ሊቀባ አስቧል።

ለሐኪሙ የላክሁትንም ፎቶ ከቀለሜ ተቀብላ በትልቁ አሳትማ ሳሎን ሰቀለችው። ልክ ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ነው፤ እሑድ እሑድ ምሳ ስበላ ያንን ወይን ጠጅ ሰማይ እያየሁ ነው የምጎርሰው። አውርጂው ለማለት ከእኛ ቤት እኔ ብቻ ነበርኩ ድፍረቱ ያለኝ፤ አሁን እኔም የለኝም።

ባለፈው እሑድ ምሳ በልተን እማዬ ፎቶው ፊት ቆመች። መነጽሯን አድርጋ፣ ሦስቱን ራሷን ተራ በተራ ስታይ ቆየች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ በሩ የምትሄደውን በጣቷ ነካች።

"ይቺኛዋ አፓርታማው ትግባላችሁ" አለች። "እኛ ሁለታችን እዚሁ እንሆናለን።"